ሞይሬና የቀለም ጠርዝ፦ ጠይቁ

ሞይሬ ማለት ጥቃቅን መስመሮች ሲደራረቡ ፎቶ ላይ የሚወጣ ሞገድ ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት ፎቶውን መቶ በመቶ አጉልታችሁ እዩት። ስክሪን አሳንሶ ሲያሳይ የሚፈጥረው ሞገድ ፋይሉ ላይ የለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሙሽራው ግራጫ ሱፍ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ሞገድ ወጣብኝ። ቀለሙ ከየት መጣ?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ነጠላ አምጣና ሁለቱን ንብር ወደ መስኮት ይዘህ ቀስ አድርገህ አንቀሳቅሰው። ድርና ማጉ ሲደራረብ ሞገድ ታያለህ፣ ያለ ምንም ካሜራ። ካሜራ ውስጥ ሁለተኛው ንብር ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ) ነው፤ የሱፉ መስመሮች ሴንሰሩ ላይ ሲያርፉ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከፒክስሎቹ ርቀት ጋር በጣም ከተቀራረበ ሞይሬ ይወጣል። ቀለሙን የሚያመጣው ደግሞ የኮዳኩ ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 ፓተንት ያገኘበት ማጣሪያ ነው። ከ4 ፒክስል 2ቱ አረንጓዴ፣ 1ዱ ቀይ፣ 1ዱ ሰማያዊ ብቻ ያያሉ። ቀዩና ሰማያዊው ስለተራራቁ ቀጭኑን መስመር ቀድመው ይስቱታል፣ ካሜራው የጎደለውን ሲገምት ግራጫው ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ ይላል። እዚያው ስታነሳ አጥፋው፦ አንድ እርምጃ ቅረብ ወይም ራቅ። እምቢ ካለ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 16 ድረስ ዝጋ፣ ምስሉ ትንሽ ይለሰልሳል። በላይትሩም (የፎቶ ማረሚያ ሶፍትዌር) አትተማመን። ቀለሙን ያጠፋልሃል፣ ሞገዱ ግን ይቀራል።

ጥያቄ፦ የቱ ካሜራ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? በስንት ብር? እንዲህ አይጠየቅም።

አንድ አባል፦ ሎው ፓስ ፊልተር (ምስሉን ትንሽ አለስልሶ ሞይሬን የሚቀንስ) ያለው ግዛ፣ ገላገልህ።

ሌላ አባል፦ እሱማ ጥራቱን ይበላል። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2012 ዲ800ን ከነፊልተሩ፣ ዲ800ኢን ደግሞ የፊልተሩን ሥራ ሽሮ ያወጣው ለምን ይመስልሃል?

አንድ አባል፦ መልክዓ ምድር ለሚያነሳ ነዋ! ጨርቅ የሚያነሳ ምን ይሠራለታል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ቅጠል ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር አለ። ሞይሬ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም! እሱ የቀለም ጠርዝ ነው፣ የሌንስ ጣጣ። ፎቶው ዳር ዳር ላይ ብቻ ከሆነ ሶፍትዌር በአንድ ክሊክ ያነሳዋል፣ አፐርቸር መዝጋት አይረዳም። ከፎከሱ ፊት ሐምራዊ፣ ከኋላው አረንጓዴ ከሆነ ግን ዝጋ።

ጥያቄ፦ ሞይሬ በኤዲቲንግ እንዴት ይጠፋል?

መልስ፦ ኧረ ከላይ አንብብ! ስታነሳ አጥፋው።

ጥያቄ፦ የሠርግ አዳራሹ ኤልኢዲ ስክሪንስ?

መልስ፦ እዚያ ተቃራኒው ነው። ሙሽሮቹን ከስክሪኑ አርቃቸው፣ አፐርቸሩን ክፈት፣ ስክሪኑ ከፎከስ ይውጣ።