ባሱ ዳር ላይ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ ነው። አምና የማጥመጃ ዘንግ ገዛሁና ኤፕሪል ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ በርክ ሌክ መሄድ ጀመርኩ። ዳር ላይ ቆሜ አቅሜ የፈቀደውን ያህል ወደ መሃል እወረውራለሁ፣ የምጠቀመው ትል ነው። የሚያዝልኝ ግን ብሉጊል የምትባለው መዳፍ የማታክል ዓሣ ብቻ! ጓደኛዬ ደግሞ ሌክ አና እየሄደ ገና በፌብሩዋሪ ባስ የሚባሉትን ትልልቅ ዓሦች ይይዛል፣ ፎቶውንም እየላከ ያበግነኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጓደኛህ ጋር አትፎካከር። ሌክ አና ከ1972 ጀምሮ የተሞላው ለኖርዝ አና የኒውክሌር ማመንጫ ማቀዝቀዣ እንዲሆን ነው። ማመንጫው ውስጥ ገብቶ የሞቀው ውሃ በግድብ የተከለሉ ኩሬዎችን ዞሮ ዳይክ 3 በሚሉት በኩል ወደ ዋናው ሐይቅ ይገባል። እዚያ አካባቢ ክረምቱ ሳይወጣ ዓሣው ይነቃቃል። በርክ ሌክን የሚያሞቀው ፀሐይ ብቻ ነው።

ያንተ ችግር ወደ መሃል መወርወርህ ነው። ባስ ብርዱን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያሳልፍና የውሃው ሙቀት 50 ፋራናይትን ሲያልፍ ወደ ዳር መጠጋት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ወደ ውሃው ሾጠጥ ብለው የገቡ የመሬት ጫፎችና የወደቁ ዛፎች ጋ ይቆያል። ከ60 እስከ 65 አካባቢ ሲደርስ ወንዱ ጥልቀት የሌለው ቦታ ወጥቶ አሸዋውን በጭራው እየጠረገ ጎድጎድ ያለ ጎጆ ይሠራል። አየሩ ሞቀ ብለህ ግን አትሸወድ፣ ሁለት ቀን ቲሸርት ስላስለበሰ ውሃው አይሞቅም። ርካሽ የውሃ ቴርሞሜትር ግዛ።

ቦታ ስትመርጥ በሐይቁ ሰሜን በኩል ያሉትን ጠባብ ገባ ያሉ ዳርቻዎች ፈልግ። የሰሜኑ ነፋስ አያገኛቸውም፣ ፀሐይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ታገኛቸዋለች። ድንጋይ የተደረደረበት ዳርም ቶሎ ይሞቃል። ደግሞ በዚህ ወቅት ጎህ ሳይቀድ መነሳት ምን አመጣው? ተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ሂድ።

እውነተኛውን ትል ለብሉጊል ተውላት፣ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ለስላሳውን የፕላስቲክ ትል ወገቡ ላይ በመንጠቆ ውጋውና ከዳሩ ጎን ለጎን ወርውር። ከዚያ ክሩን አትጠቅልል! ሁለቱ ጫፎቹ እየተርገበገቡ በራሱ ይስመጥ። ዓይንህ ክሩ ላይ ይሁን፤ ባስ ትሉን ሳብ አድርጎ ካልጣመው ወዲያው ስለሚተፋው እጅህ ላይ ምንም ላይሰማህ ይችላል። ክሩ ወደ ጎን ከሄደ ወይም መስመጡን ድንገት ካቆመ ትርፉን ክር ሰብስብና ዘንጉን ቀና አድርግ።

ጎጆ ላይ ያለውን ወንድ ከያዝክ ግን ፎቶህን ቶሎ አንሳና እዚያው ልቀቀው። የኛ ቆሮሶ እናቲቱ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ትዞራለች፤ ባስ ግን ሜዳ ላይ ነው የሚተወው፣ ጠባቂው ወንዱ ብቻ ነው። እሱ ዞር ካለ ያቺው ብሉጊልህ እንቁላሉን ትጨርሰዋለች። ሁዳዴ ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ ለአባቶች ትቼዋለሁ፣ ለቀቅከው ማለት ተገላገልክ።

ፈቃድህንስ አውጥተሃል? ቨርጂኒያ ውስጥ 16 ዓመት ከሞላህ ያስፈልግሃል፣ ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል። ስትገዛም የሐይቁን የመጠንና የብዛት ገደብ አንብብ፣ ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል።