የስቴሪዮ ድምፅ «ሚዛን» ወይስ «ማመጣጠኛ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ለኮምፒውተር የድምፅ ካርድ በተጻፈ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያዝ በሚያስችል ፕሮግራም) ላይ የግራና የቀኝ ስፒከርን ድምፅ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ እየጨመርሁ ነው። «ባላንስ» የሚባለውን «ሚዛናዊነት» ብዬ ጽፌው ነበር፤ አብሮኝ የሚሠራው ወንድሜ ግን «ማመጣጠኛ» ይሻላል አለኝ። የትኛው ነው ትክክሉ? «ወደ ግራ ሲሄድ የግራው ድምፅ ይጨምራል» ብዬ ባብራራውስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ከሁለቱም ይልቅ አጭሩን «ሚዛን» እመርጣለሁ። «ሚዛናዊነት» የባሕርይ ስም ነው፤ ሚዛናዊ ዳኛ፣ ሚዛናዊ ዘገባ ስንል የምናመሰግነውን ጠባይ ይጠራል እንጂ ወዲያና ወዲህ የሚገፋ መቆጣጠሪያን አይጠራም። የወንድምዎ «ማመጣጠኛ» በአመሠራረቱ እንከን የሌለበት የመሣሪያ ስም ነው፤ ሆኖም «አመጣጠነ» ከ«መጠነ» የወጣ ግሥ ሲሆን «መጠን» ደግሞ «የድምፅ መጠን» በሚለው አጠራር ለቮልዩም አስቀድሞ ተይዟል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መቆጣጠሪያዎች ከአንድ ሥር በወጡ ስሞች ሲጠሩ ተጠቃሚው ያምታታቸዋል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቃሉ ውጤቱን አስቀድሞ መናገሩ ነው። የተመጣጠነ ነገር ተገቢ ድርሻውን ያገኘ ነገር ነው፤ ይህ መቆጣጠሪያ ግን አንደኛውን ስፒከር ጨርሶ ዝም እስኪል ሊያወርደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ምኑ ተመጣጠነ ይባላል? ሚዛን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። በገበያ እንደምናየው መሃል ላይ ሊረጋም፣ ወደ አንድ ወገን ሊያጋድልም ይችላል፤ ሲያጋድልም ሚዛን መሆኑ አይቀርም። «ሚዛን ደፋ» የሚለው አነጋገራችንም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ የጻፉት ዓረፍተ ነገር ሰዋስዉ ደኅና ነው፤ ስሕተቱ ከአሠራሩ ጋር አለመስማማቱ ነው። ለምሳሌ ሰን ከተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የድምፅ አሠራር የመጣውንና ኔትቢኤስዲ የተባለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና የሚጠቀምበትን ልኬት ብንወስድ፣ የድምፅ መጠኑ ከ0 እስከ 255፣ ሚዛኑ ደግሞ ከ0 እስከ 64 ይቆጠራል፤ 0 ፍጹም ግራ፣ 32 መሃል፣ 64 ፍጹም ቀኝ ነው። መጠኑ 200 ሆኖ ሚዛኑ 32 ላይ ቢቆም ሁለቱም ወገኖች 200 ያገኛሉ። ሚዛኑ ወደ 16 ሲወርድ የግራው 200 እንደ ሆነ ይቆያል፤ የቀኙ ግን ወደ 100 ይቀንሳል። ሚዛኑ 0 ላይ ሲደርስ ቀኙ ዝም ይላል፤ ግራው ያው 200 ነው። ስለዚህ የጨመረ ነገር የለም፤ የሌላው መቀነስ ግራውን አጎላው እንጂ። «ይጨምራል» ብለው ከጻፉ፣ ድምፅ አነሰኝ ብሎ ሚዛኑን ወደ ግራ የሚገፋው ሰው ያሰበውን ሳያገኝ የቀኙንም ያጣል። የአማርኛ ግሥ ማን ምን እንደ ሆነ ለይቶ የመናገር ችሎታ ስላለው ልንጠቀምበት ይገባል።

የግራውንና የቀኙን ድምፅ ለየብቻ ለመጥራት የሚያገለግለው «ቻናል» በአማርኛ ቴሌቪዥንን ያስታውሳልና በእኔ አስተያየት «ወገን» ይበልጠዋል። ጎንደር ለሚኖር ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም፤ በአቋቋም (በቤተ ክርስቲያን የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት) ምስክርነቱ በሚታወቀው በበአታ ቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ሲቆም ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ዜማውን ይቀባበሉታል፤ የቀኙ መሪ ቀኝ ጌታ፣ የግራው መሪ ግራ ጌታ ይባላሉ። ከሁለት ወገን የሚመጣ ድምፅን የሚሰይም ቃል ከዚህ የቀረበ የት ይገኛል?

«ድራይቨር» የሚለውን እንዳለ ይተዉት፤ «ነጂ» ቢሉት አንባቢው ስለ መኪና ያስባል። «ድምፅ»ን በ«ፅ» መጻፍዎ ግን ከግእዝ ሥሩ ጋር የሚስማማ ነውና ሳይለወጥ ይቀጥል። እንግዲህ የመቆጣጠሪያውን ስም «የድምፅ ሚዛን» ብለው፣ ከሥሩ እንዲህ ይጻፉ፦ «ሚዛኑ ወደ ግራ ሲያጋድል የቀኙ ወገን ድምፅ ይቀንሳል፤ ወደ ቀኝ ሲያጋድል የግራው ይቀንሳል፤ ሚዛኑ ያጋደለበት ወገን ድምፅ ባለበት ይቆያል።»