ልክፈል ወይስ ልከራከር? የአዳማ ሹፌሮች ጥያቄና መልስ

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ 22 ዓመቴ ነው። ሚኒባስ ነድቻለሁ፣ አይሱዙ ነድቻለሁ፣ አሁን እዚሁ አዳማ ለጀማሪዎች ቲዎሪ አስተምራለሁ። እስከ ዛሬ ስምንት የትራፊክ ክስ ተጽፎብኛል። ስድስቱን ዝም ብዬ ከፈልኩ፤ ጥፋቴ ነበራ። ሁለቱን ተከራከርኩ፤ አንዱን አሸነፍኩ፣ አንዱን ተሸነፍኩ። ጠበቃ አይደለሁም። በሉ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባጃጅ ነው የምሠራው። ፖስታ ቤት ጋ ሰው ሳወርድ መቆም በተከለከለበት ቆምክ ተብዬ ተጻፈብኝ። ምልክቱን ግን የሱቅ ጥላ ጋርዶታል። ልከራከር?

መልስ፦ ተከራከር። ግን አሁኑኑ ተመለስና ፎቶ አንሳ። ነገ ባለሱቁ ጥላውን ካጠፈው ክርክርህም አብሮ ይታጠፋል።

ፎቶው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምልክቱ ሥር ሄዶ ቆሞ ወደ ላይ ያነሳል። እሱ የሚያሳየው ምልክቱ መኖሩን ነው፤ ራስህ ላይ መሰከርክ ማለት ነው! ባጃጅህ ውስጥ ቁጭ በል፣ በመጣህበት አቅጣጫ ራቅ ብለህ በዓይንህ ቁመት አንሳ። አንዱ ከ30 እርምጃ፣ አንዱ ከ15፣ አንዱ ከቆምክበት ቦታ። ከዚያ ሙሉ መንገዱን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ። ቀንና ሰዓቱ ስልኩ ላይ ይቀመጣል። በቫይበር ወይም በቴሌግራም ብቻ ልከኸው ዋናውን እንዳታጠፋው።

እኔ ያሸነፍኩት እንዲህ ነው። በአንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ ተቃርነህ ገባህ ተባልኩ። የምልክቱን ብረት የሆነ የጭነት መኪና ገጭቶት ዞሮ ግድግዳ ያይ ነበር። ኃላፊው ስልኬን ተቀብሎ ፎቶውን ሁለት ጊዜ አጉልቶ አየው። "ይሄ መቼ ነው?" አለኝ። "ክሱ በተጻፈ በ20 ደቂቃው" አልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተነጋገርንም።

ጥያቄ፦ የተሸነፍከውስ ምን ነበር?

መልስ፦ በሶደሬ መንገድ ያልተቆራረጠ መስመር ረግጬ ቀደምኩ። ከፊቴ የአህያ ጋሪ ነበር፣ ከኋላዬ ተሳፋሪው "ንዳው እንጂ" ይላል። ይህንን ሁሉ ሄጄ አስረዳሁ። "ታዲያ መስመሩን ረግጠሃል አልረገጥክም?" ተባልኩ። ረግጫለሁ። አለቀ። ያን ቀን የገባኝ፣ ይዤ የሄድኩት "አላደረግኩም" ሳይሆን "ምክንያት ነበረኝ" የሚል ነገር መሆኑ ነው። ክስ ስትቀበሉ መጀመሪያ ይህን ለዩ። ምክንያት ብቻ ካላችሁ ከፍላችሁ ሥራችሁን ሥሩ። ትራፊኩ ቢያመናጭቃችሁም ያው ነው። ማመናጨቁ ሌላ ቅሬታ ነው፣ ጥፋቱን አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ስመጣ 128 ነበርክ ተባልኩ። ዳሽቦርዴ ግን 118 ነበር የሚያሳየው። እምላለሁ።

መልስ፦ አትማል፣ ጎማህን ንገረኝ። የመኪና ፍጥነት መለኪያ በፋብሪካ ሲሠራ ከእውነቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ነው የሚደረገው። ስለዚህ ጎማህ የፋብሪካው ልክ ከሆነና 118 ካሳየህ፣ እውነተኛው ፍጥነትህ ከዚያ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ጎማ ቀይረህ ከሆነ ግን ጨዋታው ይለወጣል። 195/65 አር 15 የነበረውን "ከፍ ይበልልኝ" ብለህ 205/70 አር 15 አድርገሃል እንበል። አዲሱ ጎማ በ5 በመቶ ገደማ ይተልቃል። ዳሽቦርዱ 118 ሲልህ መንገዱ ላይ 124 ልትሆን ትችላለህ። የመንገዱ ጣሪያ 120 ነው። የእኛ ከተማ ግማሹ ቪትዝና ኮሮላ ጎማው የራሱ አይደለም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና።

ሌላም አለ። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳር እስከ ዳር በ120 ብትነዳው 42 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። የገባህበትና የወጣህበት ሰዓት ደረሰኝህ ላይ ካለ ቁጠረው። 39 ደቂቃ ከሆነ ደረሰኙን ደብቀው እንጂ ይዘህ እንዳትሄድ! አማካይህ ራሱ 130 ገብቷል።

ልትከራከር የምትችልበት አንድ ጥሩ ነጥብ ግን አለ፦ የተለካው የማን መኪና ነው? ጎንህ ሌላ መኪና እየቀደመህ ከነበረ ያንን ተናገር፣ አብሮህ የነበረውን ሰው ይዘህ ሂድ። ራዳሩ ጥግ ላይ ሆኖ በሰያፍ ስለለካኝ ተሳስቷል የሚለውን ተወው። ቆሞ የሚለካ ራዳር በሰያፍ ሲለካ የሚያሳየው ከእውነቱ ዝቅ ያለ ነው። አንተን ነው የጠቀመህ።

ጥያቄ፦ ክሱ ላይ የታርጋዬ አንድ ቁጥር ተሳስቷል። ውድቅ ይሆንልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ብቻ አትመኪ። መንጃ ፈቃድሽ፣ ስምሽ፣ መኪናሽ ልክ ከሆኑ የጽሑፍ ስህተት ነው ብለው ያርሙታል። አንቺ በቦታው ጭራሽ ካልነበርሽ ግን ያ ሌላ ነው። የዚያን ሰዓት የት እንደነበርሽ የሚያሳይ ነገር ፈልጊ፤ የነዳጅ ደረሰኝ፣ የሥራ ቦታ ፊርማ፣ የቴሌብር ክፍያ።

ጥያቄ፦ ቀበቶ አስሬ ነበር። መንጃ ፈቃድ ከኪሴ ላወጣ ስፈታው ደረሰና ጻፈብኝ።

መልስ፦ ወይኔ፣ የታወቀች ናት። የአንተ ቃል በእሱ ቃል ነው፤ ካሜራ ከሌለህ ክፈል። ከዛሬ ጀምሮ መንጃ ፈቃዱን ፀሐይ መከላከያው ላይ ሰካው።

ጥያቄ፦ ብሩ ትንሽ ነው። ለዚህ ብዬ ሁለት ቀን ሥራ ልፍታ?

መልስ፦ ለብሩ ከሆነ አትፍታ። ነገር ግን ጥፋት ከብሩ ጋር ነጥብም ያስመዘግባል፤ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃዱን ያሳግዳል። በመንጃ ፈቃድህ እንጀራ የምትበላ ከሆነ ሂሳቡን በብር ብቻ አታስላ። ጥፋትህ በየትኛው የቅጣት እርከን እንደተጻፈም ጠይቅ። ስልክህ ላይ የያዝከው ሠንጠረዥ የ2003ቱ ደንብ 208 ከሆነ አጥፋው፣ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ከፍዬ እከራከራለሁ የሚለውንም እርሳው። መክፈል እንደ ማመን ነው የሚቆጠረው፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ጥያቄ፦ ክሱ በአፋን ኦሮሞ ነው የተጻፈው፣ እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም።

መልስ፦ እዚያው ጥፋቱ ምን እንደሆነ እንዲነግርህ ጠይቀው፣ ቀጥሎ የሚያነብ ሰው አስነብብ። የሚከፈልበት ቀን ካለፈህ ሁሉም ነገር ይከብዳል። ፍርድ ቤት ከደረሰ በማትረዳው ቋንቋ አትዳኝም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብልሃል።

ጥያቄ፦ "እዚሁ እንጨርስ" ቢለኝስ?

መልስ፦ ሰጪውም ይከሰሳል። "ጻፍልኝ" በለው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ፍራንኮ ጋ አንድ ሚኒባስ ከጎን ገጨኝ። ትራፊኩ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) አንስቶ ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት አለኝ። ቅጣቱ ጥቂት ስለሆነ ከፍዬ ልገላገል?

መልስ፦ አባቴ፣ እባክዎ አይቸኩሉ። ከሁሉም ጥያቄ ይሄ ነው የከበደው። ያቺን ትንሽ ቅጣት "እሺ" ብለው ከከፈሉ፣ ነገ የሚኒባሱ ባለቤት ያንኑ ወረቀት ይዞ ለበርና ለቀለም ይመጣብዎታል። ኢንሹራንሱም የሚያየው ፕላኑን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ሁለት መኪና ሲጋጭ መነሻው ሁለቱም እኩል አስተዋፅኦ አድርገዋል የሚል ግምት ነው። ይህ የሚቀረው ጥፋቱ በሙሉ ወይም በዋናነት የአንዱ ሹፌር መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። የፕላኑን ቅጂ ይጠይቁ። የጎማው ምልክትና የመስታወት ስባሪው የት እንደወደቀ ከፎቶዎ ጋር ያስተያዩ፣ ካልተስማማ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያስገቡ። ለዚህስ ጠበቃ ማማከር ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ብከራከር ቂም አይዝብኝም? በየቀኑ እሱ የሚቆምበት መስመር ላይ ነው የምሠራው።

መልስ፦ እኔም ፈርቼ ነበር። ያንን ክስ ካሸነፍኩ ከሳምንት በኋላ ያው ትራፊክ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ልቤ ወደቀ። መንጃ ፈቃዴን አየ፣ ቦሎውን አየ፣ መለሰልኝ። "ብረቱ ተቃንቷል፣ አየኸው?" አለኝ። አይቼዋለሁ አልኩት።