መልስ፦ በእጅ የተጻፈ ቁርኣን እንዴት «ያልተፈጠረ» ይባላል?

በጁገል፣ በግንብ በታጠረው የጥንት ሐረር፣ ያዩት ጥንታዊ የእጅ ጽሑፍ ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ የቆዳ ሽፋኑም የሰው እጅ ሥራ ስለሆነ ያለ ጥርጥር ፍጡር ነው፤ «ያልተፈጠረ» የሚባለው በውስጡ የተጻፈው የአላህ ንግግር ስለሆነ፣ ግራ ያጋቡዎት ሁለቱ አባባሎች፣ «በእጅ የተጻፈ ነው» እና «ያልተፈጠረ ነው» የሚሉት፣ አይጋጩም።

ከሱኒ የእምነት ትምህርት ጎራዎች አንዱ በሆነው በአሽዐሪያ አስተምህሮ ንግግር እንደ ዕውቀትና እንደ ችሎታ ሁሉ የአላህ ዘላለማዊ ባሕርይ ሲሆን፣ የምንጽፈው ፊደልና የምናሰማው ድምፅ ወደዚያ የሚያመለክቱ ናቸው። የኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ተከታዮች የሆኑት ሐንበሊዎች ይህን ክፍፍል አይቀበሉም፤ ፊደሉም ከንግግሩ አይለይም ይላሉ። በአመክንዮ ላይ ያተኮሩት የጥንት ሊቃውንት ሙዕተዚላዎች ግን ከአላህ ጋር ሌላ ዘላለማዊ ነገር ማኖር ተውሒድን (የአላህን አንድነት) ይነካል ብለው ስለ ሰጉ ቁርኣን ተፈጥሯል አሉ፤ ኸሊፋ አል-መእሙን በ833 እ.ኤ.አ. ሊቃውንቱ ይህንኑ እንዲቀበሉ ማስገደድ ሲጀምር፣ ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ታስረው፣ በተተኪው ዘመንም ተገርፈው «ተፈጥሯል» የሚለውን ቃል ከአፋቸው አላወጡም።

ስለዚህ ስለ ወረቀቱ ሲናገሩም ቢሆን «ቁርኣን ፍጡር ነው» አይበሉ፤ ሰሚው የሚረዳው ሌላ ነው። እኔ በልጅነቴ ሐረር ስቀራ እንዲህ ስል፣ ኡስታዜ ጣታቸውን ብል በበላው የገጹ ጠርዝ ላይ አሳርፈው «ይህን ሙስሐፍ (የተጻፈው ጥራዝ) በለው» አሉኝ።