ሌዲ ብሌሲንግተንን ያስጠራት መልኳ ነው ወይስ ብዕሯ?

ጥያቄ፦ ስለ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ባይረን ሳነብ ሌዲ ብሌሲንግተን የምትባል ሴት ስም ደጋግሞ ይገጥመኛል። አንዱ ጸሐፊ ቆንጆ የግብዣ አስተናጋጅ ብቻ ያደርጋታል፤ ሌላው ደራሲ ይላታል። ከየት ተነሥታ ነው እዚያ የደረሰችው? ያስጠራትስ መልኳ ነው ወይስ ብዕሯ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በልጅነት ስሟ ማርጋሬት ፓወር የምትባለው ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1789 በአየርላንድ፣ በቲፐራሪ ግዛት፣ ክሎንሜል ከተባለች ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ተወለደች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜዋ 15 ሳለ፣ አባቷ ያለ ፈቃዷ ፋርመር ለሚባል የጦር መኮንን ዳራት። ባልየው ሰካራምና ተደባዳቢ ስለነበረ ሦስት ወር ያህል ታግሣ ጥላው ወጣች። እሱ በ1817 በለንደን ከአንድ የባለዕዳዎች እስር ቤት መስኮት ወድቆ ሲሞት፣ እሷ በ1818 መጀመሪያ ላይ ኤርል የሚባል የመኳንንት ማዕረግ ያለውን ባለጸጋውን የብሌሲንግተን ኤርል አግብታ ሌዲ ተባለች።

እስከዚህ ያለውን መንገድ የጠረገላት መልኳ መሆኑ አይካድም። ቶማስ ሎውረንስ የሣለው ምስሏ በ1822 በለንደን ለተመልካች ሲቀርብ የከተማው መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ነገር ግን መልክ የከፈተውን በር ሳይዘጋ ያቆየው ሥራዋ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1823 በጣሊያን፣ በጄኖዋ ከባይረን ጋር ሁለት ወር ያህል እየተገናኘች ስትጨዋወት የሰማችውን ልብ ብላ ያዘች፤ ከዓመታት በኋላም በመጽሔት በተከታታይ፣ በ1834 ደግሞ በመጽሐፍ አወጣችው።

ባሏ በ1829 ሲሞት የተረፋት በዓመት 2,000 ፓውንድ፣ ለለመደችው ኑሮ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ልብ ወለድ መጻፍና በየዓመቱ ለስጦታ የሚታተሙ ባለሥዕል መጻሕፍትን ማዘጋጀት መተዳደሪያዋ ሆነ። በእነዚህ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚዘጋጀው ሥዕሉ ነበር፤ አዘጋጇ ለሥዕሉ የሚስማማ ግጥም ወይም ታሪክ ራሷ ትጽፋለች፣ አለዚያም ስመ ጥር ደራሲ ለምና ታስጽፋለች። ከ1836 ጀምሮ በኖረችበት ጎር ሃውስ በተባለው ቤት ደራሲዎቹ ዲዝራኤሊ፣ ዲክንስና ቡልወር ሊተን በእንግድነት ይመጡ ነበር። ማዕዷ ደራሲዎችን ያቀርብላት ነበር፤ ለማዕዷ የሚወጣውን ወጪ ደግሞ በአብዛኛው የሚሸፍነው ብዕሯ ነበር። ጥያቄዎ «ወይስ» ብሎ የለያቸው ሁለቱ ነገሮች በእሷ ቤት አንዱ ሌላውን ይመግቡ ነበር።

ይህን ስል ጥፋቷን መሸፈኔ አይደለም። የቤተሰቡ የቅርብ ወዳጅ የነበረው ፈረንሳዊው ካውንት ዶርሴ በ1827 የኤርሉን ልጅ፣ ገና 15 ዓመት የሆናትን ሃሪየትን አገባ። በዚያው ዕድሜዋ ያለ ፈቃዷ ተድራ የተሠቃየች ሴት ይህ በቤቷ ሲፈጸም ማየቷ እጅግ ያሳዝነኛል። ጋብቻው ሳይሰምር ቀረ፤ ሌዲ ብሌሲንግተንና ዶርሴ ግን አልተለያዩም። ከዚህ የተነሣ የታላላቅ ቤተሰብ ሴቶች ደጇን አይረግጡም ነበር፤ ማዕዷም የወንዶች ማዕድ ሆኖ ቀረ።

የስጦታ መጻሕፍቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ ዕዳው በረታባት። በ1849 የጸደይ ወራት ወደ ፓሪስ ሄደች፤ የቤት ዕቃዋም በሐራጅ ተሸጠ። የሎውረንስን ሥዕል ሎርድ ሄርትፎርድ ገዛው፤ ዛሬ በለንደን ዋላስ ኮሌክሽን በተባለው ሙዚየም ይገኛል። ቤቱን እየጠበቀ የቆየው አገልጋይዋ፣ ከመጡት ሰዎች መካከል ዓይኑ እንባ አቅርሮ የወጣው ደራሲው ታከሪ መሆኑን ጽፎ አስታወቃት። እሷም በጁን 4 ቀን በዚያው በፓሪስ ዐረፈች።

ልብ ወለዶቿን ዛሬ የሚያነብ ጥቂት ነው። ከባይረን ጋር ያደረገችውን ጭውውት ግን ስለ ባለቅኔው የሚጽፉ ሁሉ እስካሁን ስለሚያገላብጡት፣ እርስዎም ማንበብዎን ከዚያ ቢጀምሩ መልካም ነው።