ደብተሯ ሞልቶ ውጤቷ ለጎደለባት ልጅ

ሰላም እህቴ፣ እንዴት ነዎት? ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅዎ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ከክፍል አትቀርም፣ መምህሩ የተናገረውን አንድም ሳታስቀር ለመጻፍ ትታገላለች፣ ሌሊት ቁጭ ብላ ታነባለች። ፈተና ሲመጣ ግን ውጤቷ ከመካከለኛ አያልፍም። እርስዎም «ተሰጥኦው የላትም ይሆን? ወይስ ላፕቶፕ ልግዛላት?» ብለዋል። ተማሪ በማስጠናት ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ፣ በዚህ ጉዳይ የሚወጡ ጥናቶችንም የማንበብ ሱስ ስላለብኝ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎ።

የላፕቶፑን ነገር ቶሎ ልገላገለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፓም ሙለርና ዳንኤል ኦፐንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። በእጃቸው የጻፉ ተማሪዎች ማሰላሰል የሚጠይቁ ጥያቄዎችን በላፕቶፕ ከጻፉት በተሻለ መልሰው ነበር። ወሬው በዓለም ተናኘ። እስካሁንም «በእጅ ካልተጻፈ አይገባም» የሚል ሰው አይጠፋም። ግን በ2019 እና በ2021 ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ያ ብልጫ እንደ መጀመሪያው ጎልቶ አልወጣም። የ2021ዱ ሙከራ ያጸናው ሌላውን ግኝት ነው። በላፕቶፕ የሚጽፍ ሰው ብዙ ቃል ይጽፋል፣ የመምህሩንም አነጋገር እንዳለ ይገለብጣል።

እርስዎ እንደነገሩን ከሆነ ልጅዎ ይህንኑ በእስክሪብቶ እያደረገችው ነው። መሣሪያውን መቀየር ችግርን ይዞ ቤት እንደመቀየር ነው የሚሆንባት።

ሁሉን ልጻፍ ማለት ለምን አያዋጣም? ሰው ሲናገር በሴኮንድ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ያወጣል። በእጅ የሚጽፍ ሰው ግን በሴኮንድ አንድ ቃል እንኳ አይሞላለትም። እጇ ያለፈውን ዓረፍተ ነገር ሲያሳድድ ጆሮዋ የሚመጣው ያመልጠዋል። በአሜሪካ ኔብራስካ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ኖት አያያዝን ለአሥርተ ዓመታት ያጠናው ኬኔት ኪዌራ፣ ተማሪዎች ከአንድ ሌክቸር ዋና ዋና ሐሳቦች ውስጥ የሚይዙት ሲሶ ያህሉን ብቻ ነው ይላል። እኔም ደብተር ሳገላብጥ የማየው ይኼንኑ ነው። ቦርድ ላይ የተጻፈውን ሁሉም ይይዘዋል። የሚጠፋው መምህሩ በቃል ብቻ የጣለው ምሳሌ ነው። «ይኼ ነገር ባለፈው ካየነው ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው» ያላትም ዓረፍተ ነገር አብራ ትጠፋለች። የፈተናው ከባድ ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከእሷ ነው።

ስለዚህ «ደብተሯ ሙሉ ነው» ሲሉ ትንሽ ጠርጠር ያድርጉ። ገጹ ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርቱ ግን ላይሞላ ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው። ዲ ቬስታና ግሬይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1972 ኖት መያዝ ሁለት ጥቅም እንዳለው ለይተው አስቀመጡ። አንዱ በመጻፉ ሂደት አእምሮ መሥራቱ ነው። ሌላው ተመልሰው የሚሠሩበት ነገር እጅ ላይ መኖሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ሲደማመሩ ሚዛን የሚደፋው ሁለተኛው ነው። ኪዌራ በ1980ዎቹ የደረሰበት ደግሞ ይገርማል። ሌክቸሩ ላይ ጭራሽ ሳይገኙ የመምህሩን የተሟላ ኖት ያጠኑ ተማሪዎች፣ ክፍል ገብተው የራሳቸውን ኖት ካጠኑት በልጠው ተገኙ። (ይኼን ለልጅዎ እንዳይነግሯት፣ ነገ ክፍል ትቀራለች!) ነገሩ ክፍል መግባት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጎደሎ ኖት ይዞ ሌሊት ማደር ሩቅ አያስኬድም ማለት ነው።

ጉድለቱን ለመሙላት ጊዜው ቅርብ መሆን አለበት። በ2016 የወጣ የሉዎ፣ የኪዌራና የሳሙኤልሰን ጥናት አለ። ሌክቸሩ መሃል ቆም እየተባለ ኖታቸውን ያስተካከሉ ተማሪዎች፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ካስተካከሉት የተሻለ ሞሉ። መምህሩ ቆም ካላለላት ምን ታድርግ? ከክፍል እንደወጡ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ደብተር ለደብተር ያስተያዩ። የአንዷ ክፍተት በሌላዋ ይሞላል። ማታ አይደለም፣ ቅዳሜም አይደለም። ወዲያው፣ የመምህሩ ድምፅ ገና ጆሮ ላይ እያለ።

ከሞላ በኋላስ? እዚህ ላይ አንዲት አስጠናት የነበረች ተማሪ ትዝ ትለኛለች። ስለ ደም ቧንቧዎች ጠየቅኳት። ዓይኗን ጨፍና «ገጹ ግርጌ ላይ ነው፣ በቀይ ነው የጻፍኩት» እያለች በየተራ ወረደችው። ደም ቅዳ፦ ከልብ ደም ይወስዳል፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ደም መልስ፦ ወደ ልብ ይመልሳል፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ በውስጡ ወደ ኋላ የማያስመልሱ ከንፈሮች አሉት። ካፒላሪ፦ ሁለቱን የሚያገናኘው ቧንቧ ነው፣ በጣም ቀጭን ነው። አንድም አልሳተችም። «እሺ፣ ከንፈሮቹ ለምን ደም መልስ ላይ ኖሩ? ለምን ደም ቅዳ ላይ እንዲያ አልተደረደሩም?» ስላት ዝም አለች። መልሱ ደብተሯ ውስጥ ነበር፤ ግን ሦስት የተለያየ ገጽ ላይ ተበትኖ።

ያን ዕለት ያደረግነው ቀላል ነው። አንድ ባዶ ወረቀት አጋድመን ሰንጠረዥ ሠራን። ከላይ ሦስቱ ቧንቧዎች፣ በጎን ደግሞ የደሙ አቅጣጫ፣ ግፊት፣ የግድግዳ ውፍረት፣ ከንፈር መኖር አለመኖሩ፣ ሥራው። የግፊቱን መስመር ሞልታ ወደ ግድግዳው ስትወርድ ቆም አለች። ግፊት ከፍ ባለበት ግድግዳው ወፍራም ነው። ግፊት ዝቅ ባለበት ግድግዳው ስስ ነው፣ ደሙም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከንፈር ያስፈልገዋል። ካፒላሪው የአንድ ሴል ያህል ብቻ የሳሳው ኦክስጅንና ምግብ በግድግዳው በኩል እንዲያልፉ ነው። እኔ ምንም አልነገርኳትም፣ ራሷ አየችው። ኪዌራም የዝርዝር ኖትን ትቶ ሰንጠረዥ ሠርቶ ማጥናትን አጥብቆ የሚመክረው ለዚህ ነው። ዝርዝር እያንዳንዱን ነገር ለብቻው ያቆመዋል፣ ዝምድናው አይታይም። እርግጥ ሁሉም ትምህርት በሰንጠረዥ አይገባም። ሂሳብ ላይ ብዙም አይጠቅማትም፤ እዚያ ጥያቄ መሥራት ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ንባብ ልምጣ። ደብተርን ደጋግሞ ማንበብ ክፉ ማታለያ አለው። በሦስተኛው ዙር ሁሉም ነገር ፊት ለፊት የታወቀ ይመስላል፣ ልብም ይረጋጋል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ይኼን ለኩት። ተማሪዎች ሁለት ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ አንዱን ደግመው አነበቡት፣ ከሌላው ግን ወረቀቱን ትተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ጽሑፍ በለጠ፣ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ ብቻ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን ከፈተኑበት 56 በመቶ አስታወሱ። ልጅዎ ሌሊት ስታነብ «ገብቶኛል» የምትለው በአምስት ደቂቃው ሚዛን ነው። ፈተናው የሚመጣው በሳምንቱ ሚዛን ነው።

በሃይላይተር ማቅለምም ያው ነው። ዳንሎስኪና ባልደረቦቹ በ2013 አሥር የጥናት ዘዴዎችን ሲመዝኑ ማቅለምና ደጋግሞ ማንበብ ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ተመደቡ። ከፍተኛውን ያገኙት ራስን መፈተንና ጥናትን በተለያዩ ቀናት ከፋፍሎ ማጥናት ናቸው። ስለዚህ ደብተሩን ዘግታ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሰውን ትጻፍ፣ ከዚያ ከፍታ ታስተያይ። ያልመጣላትን ብቻ ታጥና፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ትድገም። መጀመሪያ ላይ ታማርራለች፣ ምክንያቱም ያልያዘችውን ፍጥጥ አድርጎ ያሳያታል። በዚያ ላይ ትተኛ። እንቅልፍ አጥቶ መሸምደድ እንደ ጉብዝና የሚቆጠርበት ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

«ተሰጥኦ የላትም ወይ?» ላሉት፦ የሰው ልጅ እኩል ሆኖ አይወለድም፣ ይኼን አልክድም። ግን ቤንጃሚን ብሉም በ1985 ያሳተመው ጥናት አለ። ፒያኖ ተጫዋቾችን፣ ዋናተኞችን፣ የሂሳብ ሊቃውንትን ጨምሮ በየሙያቸው ጫፍ የደረሱ 120 ሰዎችን ሕይወት የመረመረ ነው። ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ያን ያህል ተለይተው የታዩ አልነበሩም። ጎልቶ የወጣው የረጅም ጊዜ ሥራ፣ ጥሩ አስተማሪና ከጎን የማይጠፋ ቤተሰብ ነው።

በተቃራኒው «አሥር ሺህ ሰዓት ከሠራህ የፈለግኸውን ትሆናለህ» የሚለውንም አይመኑ። ማክናማራ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2014 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ታስቦበት የሚደረግ ልምምድ ሰዎች በውጤት የሚለያዩበትን ልዩነት በጨዋታዎች 26 በመቶ፣ በሙዚቃ 21 በመቶ፣ በስፖርት 18 በመቶ ብቻ ነው የሚያብራራው። በትምህርት 4 በመቶ ነው። ስለዚህ እባክዎ «ሰዓት ጨምሪ» አይበሏት፤ ሰዓቱን እየሰጠችው ነው።

እናት ምን ታድርግ ካሉ፣ «አጠናሽ?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት። «ዛሬ የተማርሽውን ደብተር ሳትይዢ አስረጂኝ» ይበሏት። ትምህርቱን እርስዎ ባያውቁትም ችግር የለም። እንደውም አለማወቅዎ ይጠቅማል፣ «ለምን?» እያሉ ሲጠይቋት የት ላይ እንደምትንገዳገድ ራሷ ታገኘዋለች። በየቀኑ አይሁን፣ ይሰለቻታል።

ላፕቶፑ ለሌላ ሥራ ካስፈለጋት ይግዙላት፣ ለኖት ብለው ግን አይጨነቁ። ከዚያ በፊት ያለፈውን ፈተና ወረቀት ማግኘት ከቻለች የትኞቹ ጥያቄዎች ላይ ነጥብ እንደጣለች ትመልከት። ትርጉም የሚጠይቁት ናቸው ወይስ «ለምን» እና «አወዳድሪ» የሚሉት? ይኼን እዚሁ ቢጽፉልን፣ የምትማረውንም ትምህርት ቢነግሩን፣ ከየትኛው ብትጀምር እንደሚሻል አብረን እናያለን።