የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በፖከር ጠንካራ እጅ ይዞ ስለ መሸነፍ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እኔና ጓደኞቼ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በሚገኘው የአንዳችን ቤት የክረምቱን ምሽት ቴክሳስ ሆልደም (ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ በድብቅ የሚታደልበት፣ አምስት የጋራ ካርታዎች ደረጃ በደረጃ የሚገለጡበት የፖከር ዓይነት) በመጫወት እናሳልፋለን፤ የምንወራረደውም በገንዘብ ሳይሆን በሽምብራ ፍሬ ነው። በቅርቡ ሁለት አስ ደረሰኝ። ሌሎቹ እንዳይሸሹ ብዬ አነስተኛውን 2 ፍሬ ብቻ ከፍዬ ስገባ አምስት ሰዎች ገቡ። የተገለጡት ሦስት ካርታዎች ሰባት፣ ስምንትና ንግሥት ነበሩ። የቀረኝን 60 ፍሬ በሙሉ አስይዤ፣ ሰባትና ስምንት ይዞ ሁለት ጥንድ በሠራው ጓደኛዬ ተሸነፍሁ። እንዲህ ያለ እጅ እንዴት ይያዛል? አስና ንጉሥ ሲደርሰኝስ?
የጣና ዳር አንባቢ

መልስ፦ ሁለት አስ በአማካይ ከ221 እደላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስ፣ ከመነሻ እጆች ሁሉ የሚበልጥ ጥንድ በመሆኑ፣ ሊደብቁት መፈለግዎ አይገርምም። የዘፈቀደ ካርታ ከያዘ ከአንድ ተጫዋች ጋር እስከ መጨረሻው ቢዘልቅ 85 በመቶ ያህል ያሸንፋል፤ አምስት ሰዎች ሲገቡበት ግን ዕድሉ ወደ 49 በመቶ ይወርዳል። ብዙ ተጫዋቾች ይህን ሲሰሙ ጥፋቱ አምስት ሰው ማስገባት ነው ብለው ይደመድማሉ፤ እኛ ግን በዚህ ሙሉ በሙሉ አንስማማም፤ ስድስት ሰዎች እኩል ካዋጡት ድምር ግማሽ ያህሉን በአማካይ የሚያስገኝ እጅ ደካማ ሊባል አይችልምና። ጉዳቱ የመጣው ብልጫው በእርግጥ የእርስዎ በነበረበት ሰዓት 2 ፍሬ ከፍለው፣ አጠራጣሪ በሆነበት ሰዓት ግን 60 በማስያዝዎ ነው።

ስለዚህ ጠንካራ ጥንድ ሲደርስዎ ካርታ ከመገለጡ በፊት ውርርዱን ያሳድጉ። የተለመደው መጠን የትልቁ የግዴታ መነሻ (ካርታ ከመታደሉ በፊት በግዴታ የሚያዘው ትልቁ ውርርድ) ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ ቀድሞዎት ለገባ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መነሻ ይጨመርበታል፤ መነሻው 2 ፍሬ ሆኖ ሁለት ሰዎች ከገቡ 10 ፍሬ ይሆናል ማለት ነው። ሰባትና ስምንት የያዘው ጓደኛዎ በ2 ፍሬ ዕድሉን ቢሞክር አይፈረድበትም፤ በ10 ግን ወይ ይጥላል፣ ወይ በአነስተኛ ዕድል ብዙ ይከፍላል፤ ሁለቱም ለእርስዎ ይበጃል። (ሽምብራ ነው ብሎ ግድ የማይሰጠው ከሆነ፣ ፍሬው ያለቀበት ለዚያ ምሽት ይወጣል የሚል ደንብ ብታወጡ ይሻላል።)

ሦስቱ ካርታዎች ከተገለጡ በኋላ፣ ሁለቱ አስ ሌላ አስ ካልመጣላቸው አንድ ጥንድ ብቻ እንደሆኑ አይርሱ። ካርታዎቹ የተራራቁና ምልክታቸው የተለያየ ከሆነ፣ ተጋጣሚዎም አንድ ብቻ ከሆነ፣ መወራረድዎን ይቀጥሉ። በአንጻሩ ተከታታይ ቁጥሮች ወይም ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ካርታዎች ወጥተው፣ ብዙ ሰዎች ባሉበት፣ እስከዚያ እኩል በመክፈል ብቻ የቆየ ተጫዋች በድንገት አጥብቆ ካሳደገ፣ አስም ቢሆን የሚጣልበት ጊዜ አለ። ጥንድ ንጉሥ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ ከሦስቱ ካርታዎች መካከል ከአራት ወይም ከአምስት ጊዜ አንዴ አስ ብቅ ይላልና።

አስና ንጉሥ ግን ገና ጥንድ አይደሉም፤ ከሦስቱ ካርታዎች ጋር ጥንድ ወይም የተሻለ ነገር የሚሠሩት ከሦስት ጊዜ አንዴ ያህል ነው። መጀመሪያ ላይ ያሳድጉባቸው፤ ምንም ካልገጠመላቸውና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ተጋጣሚዎች ከቀሩ ግን ያለ ጸጸት ይጣሏቸው።